የሌርቪካው ቀለበት

ውሻው ጀልባ ላይ አይሸናም። በቃ፣ አይሸናም። ራንዲ ይህን ነገር ለሰው ስትነግር ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን አንድም ቀን ስቃበት አታውቅም። ራስክ ቡችላ ሳለ አንዴ ጀልባዋ ውስጥ አመለጠውና ባሏ ቶርላይፍ "ኧረ ተው!" ብሎ ጮኸበት። ቶርላይፍ በዕድሜው የጮኸው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ውሻውም ነገሩን እንደ ሕግ ያዘው፤ ይኸው እስከ እርጅናው አልጣሰውም። አምና ቶርላይፍ ሣር ከነአፈሩ ቆርጦ፣ በሳጥን አድርጎ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ አስቀመጠለት። ራስክ ሣሩን አሸተተ፣ ቶርላይፍን ቀና ብሎ አየው፣ ዞሮ ተኛ። ሣሩን ድመታቸው ወረሰችው።

ራስክ ማለት በነሱ አገር ቋንቋ "ቀልጣፋ" ማለት ነው። አሁን ከቅልጥፍናው የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ዳሌው ይዞታል፣ ጥቁር ፊቱ ሸብቷል፣ ክብደቱ ደግሞ የሰባ በግ ያህላል። በዚያ ላይ ፊኛውን ያመዋል። በጋው ሲገባ የእንስሳት ሐኪሟ ራንዲን ቁጭ አድርጋ፣ "ሽንቱን ይዞ እንዳይቆይ አደራ። አንዴ ከተዘጋበት በዚህ ዕድሜው መልሼ አላድነውም" ብላታለች።

"እንግዲያው ዘንድሮ ቤት ብንውልስ?" አለ ቶርላይፍ ይህን ሲሰማ።

"ይሄ ውሻ ከእኛ ጋር ያልወጣበት በጋ አለ? አሁን አረጀ ብዬ ለጎረቤት ጥዬው ልሂድ? አንተንስ ሲያምህ ለማን ልስጥህ?"

በዚሁ ነገሩ ተዘጋ። ቅዳሜ ጠዋት ራስክን ሊለሳን ወደብ ዳር አሸንተው፣ ድመቷን ፍሩን ከሞተሩ ክዳን ላይ አስቀምጠው ተነሡ። ፍሩ ማለት "ወይዘሮ" ነው፤ ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጣትም። ጀልባዋ አልማ ከቶርላይፍ አባት የተወረሰች የእንጨት ጀልባ ናት። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ሞተር አላት፤ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ እያለች ትሄዳለች፤ የሚቸኩል ሰው አይሳፈርባትም።

ከወደቡ እንደወጡ ቶርላይፍ መሪውን እንደያዘ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዛሬ በውጭ በኩል፣ በባሕሩ ብንሄድስ?"

ራንዲ ዞር ብላ አየችው። "በባሕሩ? አንተ? ስኒ ውስጥ ያለ ቡና ሲወዛወዝ የሚያዞርህ ሰው?"

"አይ፣ ለለውጥ ያህል ብዬ ነው።"

"ለውጥ ካማረህ ካልሲህን ለውጥ። በብሊንድላያ ነው የምንሄደው።"

ብሊንድላያ በደሴቶቹና በየብሱ መሃል የሚሄደው ጠባብ ውሃ ነው። ውጭ ባሕሩ ቢያብድም እዚያ ውስጥ እንደ ጓሮ ኩሬ ጸጥ ይላል። ራንዲ የተወለደችው እዚያው ዳር፣ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ቤት ነው። ልጅ ሳለች የፈለገችበት አለት ላይ ወጥታ፣ የፈለገችበት ስትዋኝ ማንም "የት ነሽ? የማን ነሽ?" ብሏት አያውቅም። ሕጉም እንደዚያው ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ሰው ደጃፍ እስካልገባህ ድረስ የባሕሩ ዳር የሁሉም ነው፤ ውጣ፣ ዋኝ፣ ጀልባህን እሰር፣ ሂድ። ሕጉ አለ። ዳሩ ነው የጠፋው።

አንድ ሁለት ሰዓት እንደሄዱ ራስክ ተነሥቶ መዞር ጀመረ። ይዞራል፣ ይቆማል፣ ወደ የብሱ አይቶ በአፍንጫው ስስ ድምፅ ያወጣል።

"በል ጠጋ በል፣ ልጁ ሽንቱ መጣበት" አለች ራንዲ።

መጀመሪያ የቀረቡት እሷ ልጅ ሆና ዛጎል የምትለቅምባት አነስተኛ የአሸዋ ዳርቻ ነበረች። አሸዋዋ አለች። መሃሏ ላይ ግን ከውሃው እስከ ጥዱ ድረስ የሽቦ አጥር ተዘርግቷል፤ አጥሩ ላይ በነጭ ሰሌዳ፣ በጥቁር ቀለም "የግል" ተብሎ ተጽፏል። ቶርላይፍ ሰሌዳውን ሲያይ አልማን ወደ መጣችበት አዞራት።

"ምን ትሠራለህ?"

"የግል ይላል እኮ።"

"እኔም ግንባሬ ላይ ንግሥት ብዬ ብጽፍ ትሰግድልኛለህ?"

"ራንዲዬ፣ ለምን ከሰው እንጣላለን? ትንሽ ወረድ ብንል ሌላ ቦታ አይጠፋም።"

ወረድ አሉ። እዚያ ደግሞ አዲስ የእንጨት መድረክ ውሃው ላይ ተሠርቷል፤ ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሴት ተጋድማበታለች። ገና ሳይደርሱ እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግታ ታወዛውዝ ጀመር። የቀራት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ሂዱ!" የሚለው። እሱን ግን አላለችም፤ ፈገግ ብላ ነው የምታባርረው። እነዚህ ከኦስሎ ለሦስት ሳምንት የሚወርዱ የበጋ ቤት ባለቤቶች ክፉ ቃል አይወጣቸውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለነሱ ነው። ዘንድሮ አንድ የአበባ ማሰሮ መንገዱ ዳር ያኖራሉ፤ ለከርሞ መንገዱ መሃል ይሆናል፤ ከዚያ ሁለት ማሰሮ፣ ከዚያ በመሃላቸው ገመድ። መንገዱ መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው አለት ገደል ነው፤ ፍየል እንጂ ዳሌው የያዘው ውሻ አይወጣበትም። የሕዝብ ተብላ የተተወችው ደሴት ጋ ሲደርሱ ደግሞ ጀልባ በጀልባ ላይ ተደራርቧል፤ መርፌ ብትጥል መሬት አይነካም። ሁሉም ደጁን ከዘጋ ሰዉ የት ይግባ?

ራስክ አሁን መዞሩን ትቶ ተቀምጧል። ሆዱን እንዳይነካበት ወደ ጎን ዘመም ብሎ፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ራንዲ አጠገቡ ተንበርክካ ሆዱ ሥር እጇን አደረገች። እንደ ከበሮ ተወጥሯል። የሐኪሟ ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸ።

"ሌርቪካ" አለች። "በቀጥታ ሌርቪካ።"

ቶርላይፍ መሪውን አላዞረም።

"አልሰማኸኝም?"

"ሌርቪካ ውሃው የጎደለ ይመስለኛል። አልማ መሬት ትነካ ይሆናል።"

"አባቴ ከሷ የሚበልጥ ጀልባ እዚያ ሲያስር ኖሯል። ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ ዛሬ? ሥራህ ሁሉ አላምር አለኝ።"

"ምንም አልሆንኩም" አለና ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋው።

ሌርቪካ ትንሽ ገባ ያለች ውሃ ናት። ከጠቅላላው ብሊንድላያ አንድ ያረጀ ውሻ እግሩን አንሥቶ በቀላሉ ሊወርድበት የሚችል ዝቅተኛ፣ ሜዳ አለት ያለው እዚያ ነው። አለቱ ላይ የብረት ቀለበት አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት የራንዲ አባት ሲግቫልና የአካባቢው ሰው በደቦ የቸነከሩት ነው፤ አለቱን በእጅ እየመቱ በሱት፣ እርሳስ አቅልጠው አፈሰሱበት፣ ቀለበቱን ተከሉት። ራንዲ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ የአባቷን መዶሻ ድምፅ ዛሬም ታስታውሰዋለች። ከዚያ ወዲህ ማዕበል የያዘው፣ ሞተሩ የጠፋበት፣ ውሻው ሽንት የመጣበት ሁሉ እዚያ ያስራል። ማን ነህ የሚል የለም። ቀለበቱ የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነበር።

ሲገቡ ራንዲ በመጀመሪያ ያየችው አዲሱን ቤት ነው። ድሮ ከላይ የነበረችው የመረብ ማስቀመጫ ጎጆ ጠፍታ ባለ ትልልቅ መስተዋት ቤት ቆሟል። እይታ ጋረደ ተብሎ ይሁን ሌላ፣ አለቱ አጠገብ የነበረው ጥድ ተቆርጧል። ሁለት የአበባ ማሰሮ። አንድ ነጭ ሰሌዳ በእንጨት ምሰሶ ላይ፤ የግል። ራንዲ ጥርሷን ነከሰች፤ ነገር ግን ውሻው ይቀድማል። ቶርላይፍ ከኋላ መልሕቁን ጣለ፤ እሷ ገመዱን ይዛ ከጀልባዋ አፍንጫ ወደ አለቱ ዘለለች። ጎንበስ አለችና ሳታይ እጇን ላከች። እጇ ቦታውን ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት የለመደ እጅ ነው።

እጇ ያገኘው ድንጋይ ነው።

አየች። ቀለበቱ የለም። ከአለቱ ጋር እኩል ተደርጎ ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ እንደ ሳንቲም የሚያበራ ክብ የብረት ምልክት ብቻ ቀርቷል።

"ወይኔ!" ብላ ጮኸች። "እጁ ይቆረጥና ማን ነው ይህን የቆረጠው!"

ያን ጊዜ ቶርላይፍ እንደምንም ደግፎት እግሩን አለቱ ላይ ያሳረፈው ራስክ ጩኸቱን ሲሰማ ጭራውን ወሽቆ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። ጩኸት ካለ አይሸናም፤ ያም የዚያ የቡችላነቱ ሕግ ነው። ፍሩ ግን ጩኸት አይገዳትም። ከሞተሩ ክዳን ዘላ፣ በማሰሮዎቹ መሃል አልፋ፣ ደረጃውን ወጥታ ሄደች።

"ራንዲ፣ ቀስ በይ፣ ውሻው ፈራ" አለ ቶርላይፍ ከጀልባው ሆኖ።

ራንዲ ገመዱን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ልትለቀው አትችልም፤ ሌላ የሚታሰርበት ነገር የለም፣ ትልልቆቹ ፈጣን ጀልባዎች ባለፉ ቁጥር ሞገዱ አልማን ወደ አለቱ ይወስዳታል፣ መልሶ ይስባታል። ደሟ ፈልቷል፤ መጮኽ ደግሞ አትችልም። እንዲህ ያለ ቅጣት አለ?

ከላይ ቀላ ያለ ቁምጣ የለበሰ ጎልማሳ ሰውዬ ወረደ። አንድ እጁ ላይ ነጭ ወይን ያለበት ብርጭቆ፣ በሌላኛው ክንዱ ሥር ፍሩ። ፍሩ ከንፈሯን ትልሳለች።

"ሃይ ሃይ!" አለ ፈገግ ብሎ። "ፕረበን እባላለሁ። ይቅርታ እናቴ፣ ይህቺ ድመት የእርስዎ ናት?"

"የራሷ ናት" አለች ራንዲ በሹክሹክታ።

"ሽሪምፓችንን ከገበታው ላይ..." ፕረበን ቆም አለ። "ለምንድን ነው የሚያንሾካሹኩት?"

"ውሻው ጩኸት ካለ አይሸናም። ካልሸና ደግሞ ይሞትብኛል።"

"አሃ" አለ ፕረበንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የተማረ፣ የሠለጠነ ሰው ነው። "ይገባኛል። ግን እናቴ፣ እዚህ የግል ቦታ ነው። ሰሌዳውን አላዩትም?"

"እናትህ አይደለሁም። ብሆን ኖሮ በደንብ አድርጌ አሳድግህ ነበር። እዚህ የነበረው ቀለበት የት ሄደ?"

"እሱ? እሱማ አሮጌ፣ የዛገ ነበር። ልጆች እንዳይሰናከሉበት ብለን ነው።"

"ልጆችህ ተሰናክለውበት ያውቃሉ?"

"አይ፣ ልጆች እንኳን የሉንም። ግን እንግዳ ይመጣል..."

"ስድሳ ዓመት ሙሉ ማንንም ያላሰናከለ ብረት ያንተን እንግዳ ሊያሰናክል? አባቴ ነው የተከለው፣ ታውቃለህ? አባቴ! አንተ ሳትወለድ!"

ይህ ሁሉ በሹክሹክታ ነው። ላየው ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገናኙ ወዳጆች ይመስላሉ። ራስክ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን ያያል፤ አይነሣም።

"በእውነት አዝናለሁ" አለ ፕረበን፣ ያዘነም አይመስልም። ዓይኑን ወደ ጀልባዋ ላከ። ቶርላይፍ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው ውስጥ ከቶ አንድ የማይታይ ነገር ይጠግናል። ሞተሩ አልተበላሸም። ፕረበን ግን በጀርባው ለየው።

"ቶርላይፍ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ምነው እስካሁን ሳይነግሩኝ!" ወደ ራንዲ ዞረና ፊቱ በራ። "ባለቤትዎ ናቸው? እንዴት ያሉ ባለሙያ መሰሉዎት! ያንን ብረት ባለፈው ጸደይ እሳቸው ናቸው የቆረጡልን። ሚስቴ እስካሁን ታነሣዋለች፤ በባዶ እግር ቢረግጡት እንኳን አይታወቅም።"

ራንዲ ወደ ባሏ ዞረች። ቶርላይፍ ጭንቅላቱን ከሞተሩ አወጣ። ጆሮው ቀልቷል።

ክረምት ክረምት የበጋ ቤቶቹን ጣራ የሚጠግን፣ ቧንቧ የሚቀይር፣ መድረክ የሚሠራ እሱ ነው፤ ይህን ታውቃለች። የአገሩ ወንድ ግማሹ የሚኖረው በዚሁ ነው። አጥሩንም የሚያጥረው፣ ሰሌዳውንም የሚቸነክረው ያው በጋ ሲመጣ መውጫ አጣሁ የሚለው ሰው ነው። ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል አሉ! ግን የገዛ ባሏ፣ ያችን ቀለበት፣ በገዛ እጁ ይቆርጣታል ብላ በሕልሟም አስባ አታውቅም። ለዚህ ነው በባሕሩ እንሂድ ያለው። ለዚህ ነው ውሃው ጎደለ ያለው። ውሻው ዓይኑ እያየ ሊፈነዳ ሲል እንኳን አልተነፈሰም!

"ና ውረድ" አለች በቀስታ።

"ራንዲዬ..."

"ውረድ አልኩህ።"

ቶርላይፍ የጎማ ቦቲውን እንዳደረገ ወረደ። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ያለበት ቦታ ላይ፣ አለቱ ሥር ቆመ።

"የአባቴ መሆኑን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔን ለመጠየቅ የመጣህ ቀን ጀልባህን ያሰርከው የት ነው?"

"እዚሁ ነው።"

"ታዲያ?"

"ሰውየው በትሕትና ጠየቀኝ" አለ ቶርላይፍ። ዓይኑን አላነሣም። "ቡና አቀረበልኝ። ትንሽ ነገር ነው፣ ሌላውን ሥራ ስትጨርስ እሱንም ብታነሣልን አለኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ።"

"ብረቱን የት አደረስከው?"

"ጋራዥ ውስጥ አለ። መጣል አልቻልኩም።"

"መጣል ከበደህ፤ መቁረጥ ግን አልከበደህም።" ራንዲ እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው፣ በክንዷ ጠረገችው። ገመዱን ወስዳ መዳፉ ላይ አስቀመጠችው፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ ዘጋችበት። "ቀለበቱን የቆረጥከው አንተ ነህ። እንግዲህ ቀለበቱ አንተ ነህ። ያዝ።"

ፕረበን ብርጭቆውን ይዞ፣ ቶርላይፍ ገመዱን ይዞ፣ ራንዲ ትንፋሿን ይዛ ቆሙ። ውሃው አለቱን ሲልስ ብቻ ይሰማል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ራስክ ተነሣ። የኋላ እግሮቹን ጎተተ፣ አሸተተ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ሐሳቡን ለወጠ፣ ተመለሰ። አንዱን ማሰሮ አሸተተና ናቀው። ከዚያ ነጩ ሰሌዳ የቆመበት ምሰሶ ጋ ሲደርስ ዳሌው እያመመው፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እግሩን አነሣ። ለአፍታ ምንም አልመጣም። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ አለ። ከዚያ ወረደ።

ፕረበን አፉን ከፈተ። ራንዲ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዘጋው።

ረጅም ጊዜ ወረደ። ጠዋት የተነሡበትን፣ አጥሩን፣ ባለ ባርኔጣዋን፣ የሞላችውን ደሴት፣ ሁሉንም አወረደው። ሲጨርስ ራሱን አራገፈና እንደ ስሙ ቀልጠፍ ብሎ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ በሩጫ መጥቶ ራንዲ እግር ላይ ወደቀ። ራንዲ ሁለት እጇን አንገቱ ላይ ጠምጥማ "የኔ ጌታ፣ የኔ ጀግና" አለችው፤ አሁን ጮክ ብላ።

"እንግዲህ ጨረሳችሁ መሰለኝ" አለ ፕረበን።

"ገና ነን። ምሳችንን አልበላንም።"

"እዚህ?"

"ደጃፍህ ላይ አይደለሁም። አባቴ የቆመበት አለት ላይ ነኝ። ድመቴን አምጣት።"

ፕረበን ፍሩን አስቀመጠና ወጣ። ራንዲ ከአልማ ሆድ ጠዋት ከአጥማጅ ጀልባ የገዛችውን ሽሪምፕ፣ ነጭ ዳቦውን፣ ቅቤውን፣ ሎሚውን አወጣች። አለቱ ላይ ጨርቅ ዘረጋች። አልቸኮለችም፤ እያንዳንዷን ሽሪምፕ እንደ ሰርግ ምግብ አሳምራ ትልጣለች። ቶርላይፍ ገመዱን ይዞ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ሞገድ ሲመጣ ወደፊት ይሄዳል፣ ሲመለስ ወደኋላ ይሳባል።

ፀሐይ ዘንበል ስትል አንዲት ሰማያዊ ጀልባ ገባች። ገርድ ናት፤ ሊለሳን ውስጥ የሴቱን ሁሉ ፀጉር ስትሠራ የኖረች፣ ምላሷ ከመቀሷ የማይተናነስ ባልቴት።

"ራንዲ! ቀለበቱ የት ሄደ?"

"እዚያ ቆሟል" አለች ራንዲ ሽሪምፕ እየላጠች። "ገመድሽን ወርውሪለት።"

ገርድ ቶርላይፍን አየች፣ አለቱን አየች፣ የመስተዋቱን ቤት አየች። ነገር ለመረዳት ሁለት ጊዜ የሚነገራት ሴት አይደለችም።

"ኧረ በስመአብ! አንተ ነህ የቆረጥከው?"

ቶርላይፍ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"በል ያዝ እንግዲህ" ብላ ገመዷን ወረወረችለት። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እስቲ እናያለን።"

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጀልባ መጣ፤ ከሕዝቡ ደሴት ቦታ አጥተው የተባረሩ አባትና እናት ከነልጆቻቸው። እነሱም ጠየቁ፣ እነሱም ተነገራቸው፣ እነሱም ወረወሩ። ሰዉ አለቱ ላይ ወጣ። ልጆቹ ዋኙ። ገርድ ቴርሞሷን አመጣች። ላይ ቤት ውስጥ መጋረጃው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። ቶርላይፍ ሦስት ገመድ ይዞ፣ ክንዱ ወደ ሦስት አቅጣጫ እየተሳበ ቆሟል፤ ያለፈ ያገደመው ጀልባ ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ አይቶት ያልፋል። ነገ ጠዋት ይህ ወሬ ብሊንድላያን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳታል። ከማንም ጋር ላለመጣላት ዕድሜውን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ለኖረ ሰው ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

ራንዲ አንድ የተላጠ ሽሪምፕ ይዛ ወደሱ ሄደች።

"እጅህ ደከመ?"

"ደክሟል" አለ ቶርላይፍ።

"ያ ብረት አንድ ቀን ደከመኝ ብሎ አያውቅም።"

ቶርላይፍ ሽሪምፑን አየ። ራንዲ ጎንበስ ብላ ለራስክ ሰጠችው።

"መሰርሰሪያዬ ጀልባው ውስጥ አለ" አለ ቶርላይፍ። "ገርድም ጀልባዬ ላይ ትርፍ ቀለበት አለኝ ብላኛለች። ሰኞ ጠዋት እተክለዋለሁ።"

"ነገ።"

"ነገ እሑድ ነው እኮ ራንዲ! በእሑድ ማን ድንጋይ ይሰረስራል? ሰው ምን ይለናል? አገሩን ሙሉ ነው የሚቀሰቅሰው።"

እውነቱን ነው። በዚያ አገር እሑድ ጠዋት ሣር የሚያጭድ፣ ምስማር የሚመታን ሰው ጎረቤት ሳይሰድበው በዝምታ ያወግዘዋል፤ ዝምታው ከስድብ ይብሳል።

"እሱን ነው የምፈልገው" አለች። "ስትቆርጠው ማንም አልሰማም። ስትተክለው ግን ሁሉም ይስማ።"

ሦስቱም ጀልባዎች ያደሩት መልሕቅ ጥለው ውሃው መሃል ነው። እሑድ ጠዋት፣ ውሃው ገና መስታወት መስሎ ሳለ፣ ራስክ ያችን ምሰሶ ሁለተኛ ጎበኛት። ከዚያ ቶርላይፍ አለቱ ላይ ተንበረከከ። አንዴ ወደ ሰማይ አየ፣ አንዴ ወደ ሚስቱ አየ፣ መሰርሰሪያውን አስነሣ። ያ ድምፅ ከደሴት ደሴት ሄዶ ተመለሰ። ወፎች ተነሡ። ፍሩ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገባች።

ፕረበን የቤት ካባውን ደርቦ፣ ፀጉሩ እንደቆመ፣ በባዶ እግሩ እየሮጠ ወረደ።

"ቶርላይፍ! ምን እያደረጉ ነው? እሑድ እኮ ነው!"

ቶርላይፍ መሰርሰሪያውን አቆመ። አቧራ የነካው ፊቱ ላይ ራንዲ ለዓመታት ያላየችው ፈገግታ መጣ።

"አውቃለሁ" አለ፤ መልሶ አስነሣው።

ፕረበን ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። አልማን ውሃው ዳር ሆና በገመድ የያዘቻት ራንዲ ወደሱ ቀረብ አለች። ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ኦስሎ የተማረች እስክትመስል ድረስ ፈገግ ብላ፣

"ፕረበን፣ ልጄ፣ ይቅርታ ላስቸግርህ" አለችው። "ለባሌ ቡና ላፍላለት ነበር። ትንሽ ነገር ናት፤ ይህችን ገመድ እስኪጨርስ ድረስ ብትይዝልኝ?"

ፕረበን ገመዱን አየ። ሰሌዳውን አየ። ከገርድ ጀልባ ላይ፣ ከልጆቹ ጀልባ ላይ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያየዋል። እንዲህ በትሕትና የጠየቀችውን አሮጊት እምቢ ማለት ከበደው። ካባውን ሰብሰብ አድርጎ በባዶ እግሩ ውሃው ውስጥ ገባና ያዘ።